አምስተኛው ስም

ሌይፓኮዋ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። በቶንጎዋ ደሴት ይህን የማያውቅ የለም። የላይኛው ከንፈሯ ከተወለደች ጀምሮ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። እናቷ እርጉዝ ሳለች አባቷ ኮኮናት በመጥረቢያ ስለፈለጠ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እሷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በጤና ኬላው ረዳት ሆና ስትሠራ፣ ኮኮናት ሲፈልጡ የኖሩ አባቶች ደህና ልጅ ሲታቀፉ አይታለች።

የእህቷ ልጅ ሌይማራ የወለደችው ሕፃን ካልሶንግም ከንፈሩ የሌይፓኮዋን ይመስላል። የእሱ ይባስ ብሎ ላንቃውም ክፍት ነው። ጡት ሲሰጡት ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። ሌይፓኮዋ ዓመት ሙሉ ከእናቱ ጡት የታለበውን ወተት በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገች አሳደገችው። አሁን አፉን ሊፈታ ነው፤ ዘንድሮ ቀዶ ጥገና ካልተሠራለት ግን ንግግሩ ታፍኖ ይቀራል።

እንዲህ ያለውን ከንፈርና ላንቃ የሚሰፉት ሐኪሞች ከባሕር ማዶ ወደ ዋና ከተማው ወደ ቪላ የሚመጡት በዓመት አንዴ ነው። ከየደሴቱ ሕመምተኞችን የሚሰበስበውን ጀልባ የሚልከው ካልታፓው ደወለላት።

«እታለም፣ ስንት ሕመምተኛ አገኘሽ?»

«አምስት።»

«ጎሽ። ከአምስት ካነሰ ጀልባው ወደ እናንተ አይዞርም። ለአንድ ልጅ ብለን የምናቃጥለው ነዳጅ ሌላ ቦታ ሦስት ልጅ ያሳክማል። አትቀየሚኝ።»

አልተቀየመችም። አንድ የቀረች ብልቃጥ መድኃኒት ለየትኛው ሕመምተኛ እንደምትሰጥ ስትመርጥ የኖረች ሴት ናት።

ጀልባው ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው የአምስተኛዋ ልጅ አያት ከማዶው መንደር መጡ።

«የእኛዋ አትሄድም» አሉ። «የዘንድሮው የቦዬ ሥር ተቆፍሮ ለመንደሩ አለቃ ሳይቀርብ ከመንደራችን ሰው አይወጣም።»

«አባባ፣ ሕፃን ናት እኮ።»

«ሕፃንስ ሰው አይደለም?»

«ቦዬው መቼ ይቀርባል?»

«ሲደርስ ነዋ። ቦዬ በስልክ አይጠራ።»

አመሻሹ ላይ ሌይፓኮዋ እናቷ ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። እንደ ወትሮው እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ፤ አውራ ጣታቸው ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ «መጣሽ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ማረጋገጫ አይፈልጉም።

ሌይማራ ልጇን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የሆነውን ስትሰማ ቀና አለች።

«አክስቴ፣ አምስተኛው እኮ እዚሁ ቁጭ ብሏል።»

«እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«ካልታፓው ዕድሜ ጠየቀሽ?»

ሌይፓኮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማዬ ታዲያ በምን ታውቀኛለች?»

ልጁ የሌይፓኮዋን ጣት ይዞ ወደ አፉ ወሰደ። ሌይፓኮዋ ጥቂት አየችውና ስልኳን አነሳች።

«ካልታፓው፣ አምስተኛው ስም ተቀይሯል። ሌይፓኮዋ ብለህ ጻፍ።»

«አንቺ ሌይፓኮዋ?»

«ሌላ ታውቃለህ?»

ቪላ ሲደርሱ ካልሶንግ ቀድሞ ገባ። በሰላም ወጥቶ ሲተኛ ሌይማራ እንባዋን እየጠረገች ወደ አክስቷ ዞረች።

«እንግዲህ የእኔው ተሠርቷል። ካልፈለግሽ ማን ያስገድድሻል?»

«አምስት ብያለሁ» አለች ሌይፓኮዋ፣ ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች።

ከንፈሯን ብቻ አደንዝዘው ሰፉላት። ነቅታ ስለነበር የመቀሱን ድምፅ ትሰማ ነበር። ስትወጣ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ከገባች አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ዕድሜ ልኳን በመዳፏ ስትሸፍነው የኖረችው ነገር የአንድ ምሳ እረፍት ያህል ጊዜ አልፈጀም። ያስለቀሳት እሱ ነው እንጂ ሕመሙ አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ካልሶንግ ከኩባያ ሲጠጣ ወተቱ በአፍንጫው አልወጣም። አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው ወደ ለመደው ቦታ ሄዶ ስንጥቁን አጣ፤ ወዲያ ወዲህ ፈለገ፤ ቀጭን ጠባሳ ላይ ቆመ።

«ይቺ ማናት?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«የእኔ ልጅ እዚህ ጋ በር አላት።»

አሮጊቷ ጣታቸውን ከጠባሳው ላይ አላነሱም።

«እስቲ ሳቂ።»

«ገና ያመኛል።»

«ቀስ ብለሽ ሳቂ። በሩን የት ጥለሽው መጣሽ?»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ መዳፏም ሳታስበው ተነሳ። አሮጊቷ የታፈነውን ሳቅ ሰምተው እጃቸውን ሲሰዱ አፏን የሸፈነውን መዳፍ አገኙ።

«እሷ ናት» አሉ ለሌይማራ። ከዚያ የልጃቸውን እጅ ከአፏ ላይ በቀስታ አወረዱና ጭናቸው ላይ ያዙት።