ኡስታዛ የሚወዱት ተረት

ዱባይ አጠገብ ባለው አል መጃዝ የሚባል ሰፈር የተቀጠርኩት አንዲት አሮጊት እንድጠብቅ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ የኖሩ ግብፃዊት ናቸው። ልጃቸውና ሚስቱ ጧት ወደ ዱባይ ለሥራ ሲወጡ እኔና እሳቸው ብቻችንን እንቀራለን። አስተማሪ ስለነበሩ ኡስታዛ እላቸው ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ማንበብ አይችሉም። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ወሎ ቁርኣን ስለቀራሁ ፊደሉን አውቃለሁ፤ ዐረብኛዬ ግን የማድ ቤት ዐረብኛ ነው።

"አንቺ አንብቢ፣ ትርጉሙን እኔ እነግርሻለሁ" አሉኝ።

በጣም የሚወዱት አንድ የድሮ ጸሐፊ የጻፈው ተረት ነበር። የአንዲት ልጅ ወንድም ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ልጅቷ ሄዳ የባሕሩን ንጉሥ ትለምነዋለች። ንጉሡም "ውሰጂው፤ አንቺን ግን ከዛሬ ጀምሮ አያውቅሽም" ይላታል። እሺ ትላለች። ወንድሟ በሕይወት ይወጣል፤ ከደጃፏ ደርሶ ውኃ ይለምናታል፣ ጠጥቶ ያመሰግናታል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ያነበብኩላቸው ቀን ገጹን ገለጥኩት፤ ሌላ ተረት ነው።

"ከዚያስ ኡስታዛ?"

"ኸላስ፤ አለቀ።" ፈገግ አሉ። "ተማሪዎቼም እንዳንቺ ይናደዱ ነበር።"

ስለ ጸሐፊው ሲያወሩ ድምፃቸው ይበረታል። ከእሱ በፊት የነበሩት ከሰው አፍ የሰሙትን ተረት ይጽፉ ነበር፤ እሱ ግን ከገዛ ሐዘኑ ፈጠረው አሉኝ። "ዛሬ ስለ ጠንቋይና ስለ ሌላ ዓለም የሚጽፉት ሁሉ እሱ በከፈተው በር የገቡ ናቸው። የልጆች ጸሐፊ ነው ብለው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። አስማት ዋጋ እንደሚያስከፍል የነገረን ግን እሱ ነው።" እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ብሎ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ከዚያ መርሳት ጀመሩ። መነጽራቸውን ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት። ለሞቱት ባላቸው ምሳ አቅርቢለት ይሉኛል። ተረቱን ሳነብላቸው መጨረሻው ላይ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ፤ አንድ ቀን ልጃቸው ከሥራ ሲገባ እንደዚያ ሆነው አገኛቸው።

"ይሄን መጽሐፍ ተይው። ደስ የሚላትን አንብቢላት" አለኝና ሌላ መጽሐፍ ገዝቶ አመጣ። ያው ተረት ነው፤ ሥዕል አለው። በዚህኛው ልጅቷ ትዘፍናለች፤ ወንድሟም ድምፅዋን ሲሰማ ያስታውሳትና ያቅፋታል።

የዐስር ሶላት ከሰገድኩ በኋላ እያነበብኩላቸው ሳለ እጃቸውን አነሡ።

"አቁሚ። ይሄ እሱ የጻፈው አይደለም።"

"ምነው ኡስታዛ?"

"ንጉሡ የወሰደውን ትዝታ አይመልስም። ማነው እንዲህ ያሳመረው?"

የተመለሱልኝ መስሎኝ ልጃቸው ጋ ደወልኩ። ሥራውን ጥሎ መጣ። እስኪደርስ ግን ዓይናቸው ተመልሶ ፈዟል። "ማንን ፈልገህ ነው የኔ ልጅ?" አሉት። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ አልተመለሱም። ከሁሉ የከበደኝ እኔን መፍራታቸው ነው። "ይቺ ሐበሻ ማናት? ቤቴ ምን ትሠራለች?" ይላሉ፤ ያጎረስኳቸውን ይተፋሉ፤ ላጥባቸው ስቀርብ ይጮኻሉ። ማታ ማታ ሰውነቴ ሁሉ ይዝላል፤ ደግሞም በማን እናደዳለሁ? የማዝንላቸውም የሚሰድቡኝም እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ ልጃቸው ግብፅ ያሉት እህታቸው ጋ ወሰዳቸው። ማዳም፣ የልጃቸው ሚስት፣ መጽሐፎቹን በካርቶን አጭቃ ለሚወስድ ሰው ሰጠች። ተረቱ ያለበትን መጽሐፍ ስጪኝ ልላት ፈለግሁ፤ ግን አልጠየቅኳትም። ካርቶኖቹ በሊፍት ሲወርዱ ቆሜ አየሁ። ከወራት በኋላ ኡስታዛ እንደሞቱ ማዳም በስልክ ነገረችኝ፤ ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ቀጠለች።

አሁን ዐጅማን የምትባል ሌላ ከተማ ነው የምሠራው። ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም። ከኡስታዛ የለመድኩት ዐረብኛ የመጽሐፍ ዐረብኛ ስለሆነ፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አዲሷ ማዳም እህቶቿን ጠርታ "ስሙ፣ ስሙ እንዴት እንደምታወራ" እያለች ታስቃቸዋለች። ስለዚህ "አዎ"፣ "እሺ" ብቻ እላለሁ። ሌላው ቃል ከአፌ እየጠፋ ነው።