የደላላው ልጅ ዌብሳይት

ከጎንደር ወጥተን ተዳ ላይ ስንደርስ የመኪናው ጎማ ፈነዳብን። ሹፌሩ ወርዶ ተጠባባቂውን ጎማ በእግሩ መታ መታ ሲያደርገው እሱም ተንፍሷል። እያንከባለለ ወደ ጎሚስታው ቤት ወሰደው። ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ወረደ። እኔ እንፍራንዝ ለቅሶ ልደርስ የለበስኩት ጥቁር ኮት አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ ከወንበሬ አልተነሣሁም። አጠገቤ የነበረው ሰውም አልወረደም። ዕድሜው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ይመስላል፤ ፊቱ የደጋ ፀሐይ የበላው ነው። ጭኑ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አስቀምጦ በሁለት እጁ ይዞታል።

እኔ ደግሞ ሰው አጠገቤ እያለ ዝም ብዬ መቀመጥ አይሆንልኝም።

“መስታወት ነው?” አልኩት።

“ፎቶ ነው። የአባቴ።”

ልቤ ለቅሶ ላይ ስለነበር “ነፍስ ይማር” አልኩ።

“ኧረ በሕይወት አለ፣ ጋሼ” አለ ፈገግ ብሎ። “ማክሰኝት ቁጭ ብሎ ይችን ነው የሚጠብቅ።”

ይቅርታ ልጠይቀው ስል ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት አንገቷን አሰገገች። ባዶ ጆንያ ጠቅልላ የያዘች፣ ከማክሰኝት እህል እየገዛች ጎንደር የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ስሟ አበቡ ነው።

“አንተ የአያ ቢያዝን ልጅ አይደለህም? ምንዳዬ? በአፍንጫህ ነው የለየሁህ።”

“ነኝ፣ እታለም።”

“እንግዲያ ያ ገበያው ሁሉ የሚያወራለት ፎቶ ነው በለኛ። አያ ቢያዝን በሬውን እንደያዘ ፈረንጅ አገር ቆሟል አሉ። እኔማ በሬውን በምን አሻገረው እያልኩ ስስቅ ነው የሰነበትኩ። እስቲ ግለጠው።”

ጋዜጣውን ገለጠው። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ የአንድ ቦቃ በሬ ገመድ ይዘው ገበያ መሐል ቆመዋል። የሚያዩት ካሜራውን ሳይሆን የበሬውን እግር ነው።

“ሸጋ ነው” አለች አበቡ። “እሱን እኮ ብሰማው ኖሮ ጥርሴ አይወልቅም ነበር። ላም ልገዛ ሄጄ ‘ይቺ ትራገጣለች፣ አንቺ ደግሞ ትዕግሥት የለሽም፣ ተያት’ አለኝ። እምቢ ብዬ ገዛሁ።” ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ የጎደለውን ጥርስ አሳየችን። “አንተስ ሥራህ ምንድን ነው? እንደሱ ከብት ታሻሽጣለህ?”

ምንዳዬ አስረዳት። ዌብሳይት እንደነበረው፣ ስለ ዕቃ እንደሚጽፍበት፣ አንባቢው ሊንኩን ነክቶ ወደ ሱቁ ሄዶ ከገዛ ባለሱቁ ለእሱ ድርሻ እንደሚሰጠው ነገራት።

“ታዲያ ደላላ ነኝ ብለህ አታሳጥረውም? ምነው ይህን ያህል ዞርክ?”

“አባቴም ያለኝ ይህንኑ ነው” አለ።

አበቡ ሳቋን ሳትጨርስ፣ ሹፌሩ እንደዘገየ ታወቃትና ላጣድፈው ብላ ወረደች። እሷ ስትርቅ የምንዳዬ ፈገግታም አብሯት ሄደ። ፎቶውን መልሶ ጠቀለለው።

“‘ነበረኝ’ ነው ያልከው” አልኩት። “አሁን የለህም?”

“ሸጥኩት፣ ጋሼ።”

ከዚያ በኋላ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ምንዳዬ ደባርቅ ሆኖ ስሜን ተራራ የሚወጡ ቱሪስቶችን ይመራ ነበር። ፈረንጅ ከተራራ ሲወርድ ጫማውን፣ የመኝታ ከረጢቱን፣ የራስ ባትሪውን ለመሪውና ለበቅሎ ነጂዎቹ ትቶ ይሄዳል። እነሱ ደግሞ ያን ዕቃ ነፍሱ እስኪወጣ ድረስ ይጠቀሙበታል። ቱሪስት መምጣቱ ሲቀር ምንዳዬ ጎንደር ወርዶ አንዲት ክፍል ተከራየና ስለነዚያ ዕቃዎች በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረ።

“መጀመሪያ የጻፍኩት ሌላው የሚጽፈውን ነበር። ምርጥ፣ አስተማማኝ፣ ወደር የለሽ። አንድም ሰው አልመጣ። እንዲያው ተስፋ ቆርጬ ማክሰኝት ሄድኩና አባቴ ሥራ ላይ ሳለ ቆሜ አየሁት። አባቴ በሬ ሲያሻሽጥ ነውሩን ነው የሚያስቀድም። ‘ይህ በሬ ግራ ዓይኑ ያነባል፣ ከቀኝ ካልጠመድከው አያርስልህም’ ይላል። ከዚያ ዝም። ገዢው ራሱ ነው መልካም መልካሙን እየፈለገ የሚያወራ።”

ተመልሶ ሁሉንም አፈረሰው። ስለ አንድ ጫማ ሲጽፍ “ክረምት ሲደጋግመው ሶሉ ይላቀቃል፤ በቅሎ ነጂው መዝሙር በሽቦ አስሮት ነው የሚሄድ” ብሎ ጀመረ፤ ሽቦውንም ፎቶ አንሥቶ አስገባ። ቀጥሎ ጫማው ለማን እንደማይሆን ጻፈ። ለማን እንደሚሆን የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። አንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲመልስ አደረገ፤ መልሱንም ሰው ፍለጋ ሳይደክም ከላይ እንዲያገኘው። ፎቶዎቹን አሳነሳቸው፣ ምክንያቱም የእሱ ኔትወርክ ትልልቁን አይከፍትም። ለካ በዚያ የተነሣ ገጹ የትም አገር ቶሎ ይከፈታል። ከሊንኩ ሥር “በዚህ ገብታችሁ ከገዛችሁ ድርሻ አለኝ” ብሎ በግልጽ አስቀመጠ።

“ከሁሉም ግርጌ ይችን ፎቶ አደረግሁ” አለ ጋዜጣውን በመዳፉ እየዳበሰ። “‘እኔ የማክሰኝት የከብት ደላላ ልጅ ነኝ። አባቴ ያሻሻጠው በሬ ቀንበር እምቢ ካለ ገዢውን ይዞ ሻጩ ደጅ ይሄዳል። እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ’ ብዬ።”

“ትሄድ ነበር?”

“እንዴታ። ዕቃው የተበላሸበት ሰው ሲጽፍልኝ ለባለሱቁ እኔ እጽፍለት ነበር። አንዳንዱ ይለውጥላቸዋል። ሰው በዚያ አመነኝ። በኢንተርኔት ፍለጋም ከላይ መውጣት ጀመርኩ።”

ኋላ ኔትወርክ ለወራት ጠፋ። ሲመለስ ብዙው ሊንክ ሞቷል፤ መልስ ያላገኘ የአንባቢ መልእክት ተከምሯል። እንደገና ጠፋ። በዚህ መሐል ነው አንድ ውጭ አገር ያለ ሰው ልግዛህ ያለው። ዓይኔ እያየ ከሚሞት ብሎ ሸጠለት። ሰውየው ጽሑፉንም፣ የምንዳዬን ስምም፣ ፎቶዎቹንም ጨምርልኝ አለው። ምንዳዬ በደስታ ላከ።

“ጽሑፌን የወደደልኝ መስሎኝ ነበራ።”

አዲሱ ባለቤት መልኩን አልነካውም። “ነውሩን አስቀድሜ ልንገራችሁ” የሚለውን ርእስ እንዳለ ተወው። ከሥሩ ያለውን ብቻ ለወጠው። ምንዳዬ አንዱን በቃሉ ነገረኝ፦ “የዚህ ድንኳን ነውሩ፣ ጓደኞችዎ ካዩት አውሰን እያሉ ያስቸግሩዎታል።”

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም።

“አሁን ምንዳዬ ቢያዝን አይቶት የማያውቀውን ዕቃ ያሞግሳል። የልጅ ወንበር ሳይቀር። አንዲት የስኮትላንድ ሴት፣ ዱሮ ስለ ጫማ የምትጽፍልኝ፣ ለብርድ ይሆናል የተባለ የመኝታ ከረጢት ገዝታ ከልጇ ጋር ተራራ ወጣች። ሲንቀጠቀጡ አደሩ። ልጅቱ ታመመችባት። ‘ምንዳዬ፣ አብሬ እሄዳለሁ ብለሃል፤ የማን ደጅ እንሂድ?’ ብላ ጻፈችልኝ። እኔ አይደለሁም፣ ሸጬዋለሁ ብዬ መለስኩ። ‘የአባትህ ፎቶ ግን አሁንም እዚያው አለ’ አለችኝ። ሌላ አልጻፈችም።”

“የገዛህን ሰው ፎቶውን አንሣልኝ አላልከውም?”

“ለመንኩት። ትሑት ሰው ነው፣ ቶሎ ይመልሳል። ሰው የሚገባው በሽማግሌው ምክንያት ነው፣ እሳቸውን ካነሣሁ የገዛሁት ምኑን ነው ይለኛል። ለባለሱቆቹ ጻፍኩ፤ ድምፅ የለም።”

“አዲስ ገጽ ከፍተህ እኔ አይደለሁም በላ።”

“ከፍቻለሁ፣ ጋሼ። ማን ያየዋል? ስሜን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የዱሮውን ነው። ቶሎ ይከፈታል፣ መልሱ ከላይ ነው፣ ሰው ያምነዋል። ጎበዝ ሆኜ የሠራሁት እኔው ነኝ።”

ጠበቃ ልለው አሰብኩና ተውኩት። የየትኛው አገር ጠበቃ?

“አባትህ ይህን ያውቃሉ?”

“አያውቅም። የጎረቤት ልጅ በስልኩ አሳይቶት ነው ደስታው። ‘እኔ የማውቀው ይሄን ገበያ ነው፣ እነዚያ ፈረንጆች ግን እኔን አውቀውኛል’ እያለ ነው አሉ። ለመሪጌታው ሳይቀር ነግሯል። በፍሬም አድርገህ አምጣልኝ ብሎ ላከብኝ። ምን ልበለው? አባባ፣ ነውር የሚደብቁት አንተን አቁመው ነው ልበለው?”

አበቡ ሹፌሩን ከነጎማው እየነዳች መጣች። “ጎሚስታው ምሳውን እየበላ ነበር፤ ጉርሻውን ከአፉ ላይ ነው ያስጣልኩት” አለች። ጎማው ታሰረ፤ ተሳፍረን ሄድን። መንገዱን ሁሉ የምታወራው እሷ ሆነች። አያ ቢያዝን ፎቶውን የት እንደሚሰቅሉት፣ ማን መጥቶ እንደሚያየው ስትዘረዝር ምንዳዬ “እሺ፣ እታለም” ብቻ ይላል። እኔ እንደ ልማዴ ጣልቃ ልገባ አፌን ከፈት አደርግና እጁን አያለሁ። የጋዜጣው ጠርዝ በላቡ ርሷል።

ማክሰኝት መግቢያ ላይ ሦስት ሽማግሎች ቆመዋል። መሐለኛውን ከፎቶው አወቅኋቸው፤ ያው ጋቢ ነው። ንጹሕ ነጭ አድርገው አሳጥበውታል። ሁለቱን ያመጧቸው እንዲያዩላቸው ይመስለኛል። መኪናው ገና ሳይቆም አበቡ በመስኮት “አያ ቢያዝን፣ መጣልህ” ብላ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ ላይ አነሡ።

“ትነግራቸዋለህ?” አልኩት በቀስታ።

ፎቶውን በብብቱ ይዞ ተነሣ። በበሩ ወርዶ ጥቂት ሄደ። ከዚያ ተመለሰና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለልኝ። አባቱ ከኋላው እየመጡ ስለነበር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ጋሼ፣ ለቅሶው ላይ ከኢንተርኔት ዕቃ የሚገዛ ሰው ካገኙ ይንገሩልኝ። ፎቶው ላይ በሬ የያዙት ሽማግሌ ስለ ዕቃው የሚያውቁት ነገር የለም ይበሉልኝ።”