ላስቲኩ ያልተፈታ ቺንጋ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ናዝሬት

ከናዝሬት የተነሳሁት አንድ የወፍጮ ሞተር ቡልቡላ አድርሼ ለሴቶች ማኅበር ለማስረከብ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ በአንድ የመንግሥት መጋዘን የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የቡልቡላ ሴቶች እህል ለማስፈጨት ተሸክመው ግማሽ ቀን ስለሚሄዱ፣ ይህን ሞተር ለማግኘት ሦስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ሊቀ መንበራቸው አዴ ጫልቱ ከዋዜማው መጥተው አድረዋል፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ዓይናቸውን ከሞተሩ ላይ የማያነሱ ሴት ናቸው።

ገና ከግቢ ሳንወጣ ተናደድኩ። ሾፌራችን ጋሽ በየነ ያን የሚያህል ብረት በቃጫ ገመድ ጠፍረውታል። ከእርዳታ መኪኖች ጋር የመጡ አራት የጭነት ማሰሪያ ቺንጋዎች እንዳሉን አውቃለሁ፤ ሲጎትቷቸው እየተተረተሩ የሚወጡ፣ በእጀታቸው ቀጭ ቀጭ እያሉ የሚጠብቁ፣ ሲለቋቸው ራሳቸው ወደ ቤታቸው የሚጠቀለሉ።

«ጋሽ በየነ፣ ቺንጋዎቹስ?»

«አሉ፣ ጓድ ኃላፊ። ካቢን ውስጥ ናቸው።»

«ታዲያ?»

«ገመዱ ይበቃል» አሉና መኪናውን አስነሱ።

ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እንዲህ ይሰንፋል? አዴ ጫልቱ ካቢን ይግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ። «ይሄን ገመድ አላመንኩትም። እኔ ከሱ ጋ ነኝ» ብለው ከኋላ ወጡና ሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ። ልከለክላቸው ይገባኝ ነበር፤ አልከለከልኩም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሞጆ

ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ከትናንት የተረፈ የመሰለ ፓስቲ በሃያ አምስት። ከዚያ ኬላ። ፈታሹ ከሞተሩ ሥር የኮንትሮባንድ ቡና እንደደበቅን አድርጎ እያየን «ፍቱት!» አለ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳየሁት፤ ዞር ብሎም አላየው። ገመዱን መፍታት ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ምንም አልተገኘም። መልሰን ልናስር ስንል ደግሞ ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ያስጮኹብናል፣ ፈታሹም በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው «ቶሎ በል! መንገድ ልቀቅ!» ይላል።

«አሁንስ ቺንጋውን ያውጡት እንጂ!» አልኳቸው። ጋሽ በየነ እንዳልሰማ ሆነው ገመዱን ሁለት ቦታ ቋጠር ቋጠር አደረጉና ተሳፈሩ። ደሜ ፈላ።

አራት ሰዓት ገደማ፣ ከዓለም ጤና ወዲያ

ቆቃን አለፍን። ዓለም ጤና ላይ መንገዱ ዳር የሽንኩርት ክምር፣ ከክምሩ ፊት ደግሞ ተሰልፈው የሚጠብቁ ገዢዎች ነበሩ። ከከተማው ወጣ እንዳልን የከብት መንጋ ድንገት አስፋልቱን ሞላው። ጋሽ በየነ ፍሬን ያዙ። ከኋላ አንድ ከባድ ነገር የጭነቱን ግድግዳ፣ ስፖንዳውን፣ ሲመታው መኪናው ተናወጠ፤ ወዲያው «ያ ዋቃዮ!» እያለ አምላክን የሚጠራ ጩኸት ሰማን።

ሮጠን ስንወጣ ገመዱ ተበጥሷል፣ ሞተሩ ተንሸራትቷል፣ የአዴ ጫልቱ ግራ እጅ በሞተሩና በስፖንዳው መሃል ተይዟል። እንዳይሄድባቸው ሊይዙት ሞክረው ነው። ከከብት ጠባቂዎቹ ጋር ገፍተን እጃቸውን አወጣነው። ሁለት ጣታቸው ተጨፍልቋል። ፊታቸው አመድ መስሎ «ሞተሩ ተሰበረ?» ብለው ጠየቁ። አልተሰበረም ነበር።

ያኔ ነው ጋሽ በየነ ከወንበሩ ሥር ቺንጋዎቹን ያወጡት። በጋዜጣ ተጠቅልለዋል፤ ጋዜጣው ሲገለጥ ከአገራቸው የመጡበት ላስቲክ እንኳ አልተፈታም። ጮህኩባቸው። «ለማን ነው የሚያስቀምጧቸው? ለሠርግ ነው? ሰው ሊሞት ነበር እኮ!»

ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው «ያንብቡት» አሉኝ።

ከመጋዘኑ የወጣ ማሳሰቢያ ነው። የወጣ ንብረት ጉድፍ ሳይነካው ካልተመለሰ ሾፌሩ በኃላፊነት ይጠየቃል ይላል። ከታች ማኅተም፣ ከማኅተሙ ጎን የኔ ፊርማ።

«አምና አንድ ሾፌር ጓደኛዬ የጭነት ሸራ ዘይት ቢያስነካ ስንት ጊዜ ቢሮ ተመላለሰ?» አሉ ጋሽ በየነ። «ማብራሪያ ጻፍ፣ እንደገና ጻፍ እያሉ ያመላለሱት እርስዎ ነዎት። ረሱት?»

ረስቼው ነበር። ማሳሰቢያውን ስጽፍ የታየኝ መደርደሪያው ላይ በሥርዓት የተደረደረ ንጹህ ዕቃ ብቻ ነው፤ ዕቃው ለምን እንደተሠራ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ሾፌሩ ላይ ስንፍና፣ ፈታሹ ላይ ጥጋብ ስለጥፍ ነበር ያረፈድኩት። አፈርኩ፤ እፍረቱ ደግሞ ንዴቴን አላበረደውም፣ ወደኔ አዞረው እንጂ።

ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት። አራቱን ቺንጋዎች ጎትተን፣ መንጠቆዎቻቸውን አስገብተን፣ ቀጭ ቀጭ አድርገን ለማጥበቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። አዴ ጫልቱን ካቢን አስገብተን እኔ ከኋላ ወጣሁ። መቂ ላይ የክሊኒኩ ድሬሰር ጣታቸውን አሰረላቸውና ሆስፒታል መሄድ አለባቸው አለ። እሳቸው መጀመሪያ ሞተሩ ይድረስ አሉ። ዝዋይ የአሳ ጥብስ አዘዝን፤ የኔን ድርሻ በር ላይ ለቆሙት አባ ኮዳ አሞራዎች ሰጠሁት። አዳሚ ቱሉን አልፈን እስክንደርስ ሞተሩ ንቅንቅ አላለም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡልቡላ

ሴቶቹ እልልታ ጀምረው የሊቀ መንበራቸውን እጅ ሲያዩ አቋረጡት። ሞተሩ ከወረደ በኋላ የርክክቡን ወረቀት አቀረብኩ። አዴ ጫልቱ ፊደልን የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጣታቸውን እያስከተሉ ቀስ ብለው አነበቡት። ‹ያለ ምንም ጉዳት ተረክቤአለሁ› የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙና ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄ የሚለው ስለ ሞተሩ ብቻ ነው?»

«አዎ፣ ስለ ሞተሩ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው እውነት ነው» አሉና በደህናው እጃቸው ፈረሙ።

በማግስቱ፣ ናዝሬት

ስንመለስ አዴ ጫልቱን ሆስፒታል አደረስናቸው። አንዱ ጣት ተቆረጠ። መጋዘን ጠባቂው ቺንጋዎቹን አንድ በአንድ ሲረከብ አንዷ ላይ ቆመ። «ይቺ ደም ነክቷታል። ማን ይጠየቅባት?»

«እኔ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

የዚያኑ ቀን የድሮውን ማሳሰቢያ ከግድግዳው ገንጥዬ አዲስ ለጠፍኩ፦ ከጭነት በኋላ ንጹህ ሆኖ የተመለሰ ቺንጋ ቢገኝ፣ ሾፌሩ ለምን እንዳልተጠቀመበት በጽሑፍ ያስረዳ። ለጋሽ በየነ አንድ ቅጂ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ፊርማው ግን ያው የድሮው ነው» አሉ። አራት ቦታ አጠፉትና ደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ ከበፊተኛው ጋር አስቀመጡት።