ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለፈው ስድስት ሰዓት

በሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል በር አጠገብ አንድ ምስማር ነበር። ወደ ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ቆቡን እዚያ ይሰቅላል፤ ዘበኛው ቆብ ካየ በሩን አይዘጋም። በሩ ከውስጥ ስለማይከፈት ሌላ ዋስትና አልነበረም። ሁለት ሰው ከገባ ደግሞ የሚሰቅለው ታናሹ ነው፤ ልማዱ እንዲያ ነበር።

ሰውዬው በሃያ ሁለት ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሥጋ ሊደረድር ሲገባ ጆሮውን ብርድ ቆነጠጠው። ቆቡን እንዳጠለቀ ገባ። ዘበኛው ባዶውን ምስማር አይቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጋባቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲከፈት ታናሹ በሕይወት ወጣ፤ ታላቁ ግን አልተረፈም።

ለእሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነበር የመሰለው። ስድስት ሰዓት ነው ቢሉት አላመነም። አላለቀሰምም። ከዚያ ወዲህ የቀኝ እጁ ጣቶች ትኩስና ቀዝቃዛ አይለዩም፤ ሆዱም እንደ ጣቶቹ ሆነ።

ሥራውን አልለቀቀም። ባልደረቦቹ ጋሽ በረዶ የሚል ስም አወጡለት፤ የሚፈላ ሻይ ቢደፉበት ማን ደፋብኝ ብሎ አይዞርም እያሉ ይስቁበታል። እሱ ሥጋውን ያያል። ውጭ በአንድ ቀን የሚሸት ሥጋ ውስጥ ወራት ይቆያል። ታዲያ ጊዜ የሚባለው የቱ ነው? ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የቆጠረው ነው ወይስ ሥጋው ላይ ያለፈው?

ነገሩ ለጨዋታ አልነበረም። ዋርሳው፣ የሟቹ ሚስት፣ ተዝካሩ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀዋለች፤ ብዙ ተሠቃየ ወይ? እሱም አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

መልስ ፍለጋ በሃምሳ ዓመቱ የማታ ትምህርት ገብቶ ፊደል ቆጠረ። መጽሐፍ ማንበብ ሲጀምር፣ ሙቀት ማለት ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች እንቅስቃሴ እንደሆነ፣ ሲበርድ እንደሚያዘግሙ ተረዳ። ጊዜም አብሮ ያዘግማል ወይ ብሎ መምህሩን ቢጠይቀው፣ ልጅ እግሩ መምህር ሳቅ አለና ሰዓትዎን በረዶ ቤት አስቀምጠው ይሞክሩት አለው። ሞከረው። በሳምንቱ ሰዓቱ ሩብ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘው።

«አባባ፣ እሱ እኮ ዘይቱ ረግቶ ነው» አለ መምህሩ።

«የሰው ደምስ?» አለ።



ጡረታ በወጣ ማግስት ወደ ዋርሳው ቤት ሄደ። በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ገብታ ወንበሩን አሙቃዋለች፤ እሱ ግን ቆሞ ነው የተናገረው። ስለ ቅንጣቶቹ ነገራት፣ ስለ ሰዓቱም። ስድስቱ ሰዓት ውስጥ ላለ ሰው አጭር ሳይሆን አይቀርም ብሎ እንደሚገምት፣ ግምት እንጂ እውቀት እንዳልሆነም ነገራት። መጨረሻ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት የያዘውን አወጣ።

«እትዬ፣ ቆቡን መስቀል የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

እሷ ስትሰፋበት የነበረውን የልብስ መስፊያ መኪና መዘውር በእጇ ይዛ አቆመች።

«ዘበኛው ያኔውኑ ነግሮኛል። እኔ ስለ ቆብ መቼ ጠየቅሁህ?»

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የማይሰማውን ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

«ወንድሜ ይሄንን እጄን ይዞት ነበር። የሱ ይቅደም የኔ፣ የማንኛችን እጅ ቀድሞ እንደደነዘዘ አላውቅም። ረጅምም ይሁን አጭር ብቻውን አልነበረም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ቀድሜ መንገር የነበረብኝም ይሄንን ነበር።»