ለወፍም «በሞቴ»

አያቴ ያሳደጉት በቀቀን ከሱፍ ፍሬ ሌላ አልቀምስም ባይ ነበር። እሳቸው ግን ከአቃቂ ገበያ ካሮት ይዘው ይመጡና በርጩማቸውን ስበው ከሽቦ ቤቱ ፊት ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ራሳቸው ገመጥ ያደርጋሉ፤ ከዚያ የቀረውን በሽቦው አሾልከው እንደ ክቡር እንግዳ ይለምኑታል፦ «አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!»

«አባባ፣ ወፍ በሞቴ ይባላል እንዴ?» ስላቸው፣

«እንዲህ የሚግደረደር ወፍ የት አየሽ?» ይሉኛል። ወፉም አንገቱን ሲያጣምም ቆይቶ በመጨረሻ ይቀበላቸዋል።

ከቀበርናቸው ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ከጓዳ በረንዳ፣ ከበረንዳ ደጅ እላለሁ፤ እህልም አልወርድ ብሎኛል። ዛሬ ጎረቤታችን ሳህን ይዛ ተከተለችኝ። «በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሺ» ስትለኝ፣ «ሞት አትጥሪብኝ!» ብዬ ጮህኩባትና ካሮት ይዤ ወደ ወፉ ሄድኩ።

በርጩማው ላይ መቀመጥ አልደፈርኩም። እንደቆምኩ ካሮቱን ገመጥ አድርጌ አቀበልኩት። ፊቱን አዞረብኝ። «በሞቴ» ልለው ብዬ ተውኩት። እያየኝ ደግሜ ገመጥኩ፤ አሁንም ዞር አለ፤ አሁንም ገመጥኩ። እጄን ሳይ ካሮቱ አልቋል።

አባባ፣ ወፉ እንቢ እንዳለ ነው። እኔ ግን በላሁልዎት።