ዘግይቶ የሚመለስ ድምፅ

ባለፈው እሑድ እናታችን ቤት ለምትኖረው እህቴ ስደውል መስመሩ ተበላሽቶ የራሴው ድምፅ ቆይቶ ጆሮዬ ላይ ተመለሰ። «ሃሎ» እላለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ ሌላ ሰው «ሃሎ» ይለኛል። እህቴ ሳቀች። እኔ ግን ስልኩን ዘጋሁት። አባባ ደምሴ ናቸው ትዝ ያሉኝ።

ያኔ የወረዳ መሥሪያ ቤቶች በሳተላይት የሚገናኙበት ዘመን ነበር፤ እኔም ሁሉን አውቃለሁ የምል ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ። ከጓሳ ማዶ ወዳለች አንዲት ትንሽ የመንዝ ከተማ ተላክሁ። ነሐሴ ነው። አውቶቡሱ ጭቃውን ሲያቦካ ውሎ አመሻሽ ላይ አደረሰኝ። ጉሙ ስለከበደ ከተማዋን ያወቅኋት በዓይኔ ሳይሆን በሚቆላው የገብስ ቆሎ ሽታ ነው።

የጠሩኝ ለአባባ ደምሴ ጉዳይ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ያለፈውን ዓመት ክረምት ሙሉ ሲያስላቸው ከርመው፣ ልጅ ሳይተኩ አርፈዋል። አንድ የሩቅ ዘመድ «ደምሴ ወንድሙን አላስታመመም፤ ቤቱና የገብስ ማሳው የእኔ ነው» ብሎ ከሰሰ። ዳኞቹ ጉዳዩን የሚሰሙት ርቆ ባለው ትልቅ ከተማ ተቀምጠው በስክሪን ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ድምፁ ዘገየ። ዳኛው «ወንድምዎን ያስታምሙ ነበር?» ሲሏቸው አባባ «አዎን ጌታዬ» አሉ፤ መልሱ የደረሰው ግን ዳኛው «ወይስ ጥለዋቸው ሄዱ?» ካሉ በኋላ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አስናቀች ጮኻ ባታስቆም ኖሮ ሽማግሌው በገዛ አፋቸው ማሳውን ማጣታቸው ነበር። ችሎቱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

በቀጠሮው ጠዋት ግንኙነቱን የሚመራውን ሰርቨር ስፈትሽ አባባ እርጥብ የበግ ጠጉር ባና ተከናንበው ቀድመው መጡ። ማይኩን ሰጥቻቸው ለሙከራ እንዲናገሩ ጠየቅኋቸው።

«ደምሴ ነኝ» አሉ።

ጥቂት ቆይቶ ባዶ ወንበር ከሚታይበት ስክሪን ውስጥ፣ ጎርናና፣ የደከመው ድምፅ «ደምሴ ነኝ» አለ።

አባባ ብድግ ብለው ባናቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። «ይኼ የወንድሜ፣ የጋሼ ድምፅ ነው።»

«የራስዎ ነው አባባ። ከተማ ያለው ማይክ እየያዘ ይመልሰዋል። መስመሩ ፈጣን ቢሆን መሣሪያው ያጠፋው ነበር።»

«የእኔማ ቀጭን ነው» አሉ። እውነትም ቀጭን ነበር።

ወደ ሰርቨሩ ጀርባ ዞርሁ። ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ አለው፤ በአንዱ የሳተላይቱ፣ በሌላው ለክፉ ቀን የተቀመጠው የአሮጌው ስልክ መስመር ገብቷል። ሁለተኛውን ማን ሰካው ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ ነኝ» አለች አስናቀች። «አንድ በሬ ምን ያርሳል ብዬ ጠመድኳቸው።»

ሰርቨር ግን እንደ በሬ አይጠመድም። ከከተማ የመጣውን በሳተላይቱ ይቀበላል፤ መልሱን በዚያ በሚያዘግመው የስልክ መስመር ይልካል። ሁሉም በሳተላይቱ እንዲሄድ አዘዝሁትና አሮጌውን ገመድ ነቀልሁ። ተመላሹ ድምፅ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ አባባ እያንዳንዱን ጥያቄ በቦታው መለሱ። «እጄ ላይ ነው የሞተው» ሲሉ ዳኛው አቀረቀሩ። ማሳው ለእሳቸው ተፈረደ፤ አስናቀች እልል አለች። ሰው ሁሉ ሲወጣ አባባ ግን ከአግዳሚው አልተነሡም።

«ልጄ፣ ያንን ገመድ መልሰህ ስካው።»

«ለምን አባባ?»

«ማሳው መትረፉን ልንገረው።»

ገመዱን ሰካሁና ሁሉንም እንደነበረ መለስሁ። አባባ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ማሳው ተርፏል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። «ጋሼ፣ ማሳው ተርፏል» አለ ስክሪኑ። ቀጥሎም ከደረት የሚወጣ ረጅም ሳል ተሰማ።

አባባ አላሳሉም። እኔም አላሳልሁም። ከተማ ላለው ባልደረባዬ ደወልሁ። «እዚያ ማነው የሚያስለው?»

«ክፍሉን ቆልፌ ወጥቻለሁ እኮ። ምን ሆነሃል?»

«ሰምቷል» አሉ አባባ። ባናቸውን ተከናነቡና ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ዘበኛ ይሆናል፤ ከጎረቤት ክፍል የመጣ ይሆናል እያልሁ ስንት ዘመን ራሴን አጽናናሁ። እናቴ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። እሑድ ዕለት የራሴ ድምፅ ከእሷ ቤት ሲመለስልኝ፣ ከኋላው የሚከተለውን መስማት ፈራሁ።

ጥቂት ቆይቼ፣ ልቤን አጽንቼ መልሼ ደወልሁ። መስመሩ ተስተካክሎ ጥርት ብሏል፤ ከእህቴ ድምፅ በቀር የሚመለስ የለም።