እህቴን ለፎጣ አልሰጥም

የላውንደሪው ሰውዬ የሰፈሩን ገመና በአንገትጌ ያውቃል። ማን "መጠጥ ተውኩ" ብሎ እንዳልተወ፣ የማን ሚስት ሽቶ የማን ባል ሸሚዝ ላይ እንዳደረ፣ ሁሉም ከካውያው በፊት በእጁ ያልፋል። አፉ አያወራም፤ ፊቱ ግን ይጨማደዳል፣ ያንን ያየ ሰው ደግሞ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። የሰው እድፍ መተዳደሪያው ይሁን እንጂ በራሱ ገላ ላይ አንዲት ነጥብ ብታርፍ ነፍሱ ትጨነቃለች። በር የሚከፍተው በክርኑ ነው። ዳቦ የሚበላው በወረቀት ይዞ ነው። ሰው ሲጨብጠው ፈገግ ብሎ ይጨብጥና ቧንቧ እስኪያገኝ ድረስ እጁን የሰው ዕቃ ይመስል ከገላው አርቆ ይዞት ይዞራል።

ይህ ሰው ፀጉር ሠሪዋን ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ቀኑን ሙሉ የሰው ፎረፎር ስታራግፍ ለምትውል ሴት ሳሙና ሳሙና የሚሸት ወንድ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። ችግሩ ወንድሟ ነበር። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሱ ነው፤ መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው የሞተር ሳይክል መካኒክ፣ ጥፍሩ ሥር የተጠራቀመው ግራሶ ብቻ አንድ ብስክሌት የሚያለሰልስ ሰው። እናትየው ያለ እሱ ፈቃድ እሺም እምቢም አይሉም።

አጣቢው ልጅቷን ሊጠይቅ ቤታቸው የሄደ ዕለት መካኒኩ ውኃውን አጋምሶ ጠጣና ብርጭቆውን አቀበለው። አጣቢው በሁለት ጣቱ ተቀበለ፣ ጠርዙን አየ፣ እንደገና አየ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"እህቴን ለሰው እሰጣለሁ እንጂ ለፎጣ አልሰጥም" አለ መካኒኩ።

ፍርዱንም እዚያው ተናገረ። በየዓመቱ የከተማው ሞተረኞች አስፋልት በሌለበት፣ በድንጋይ ካባ፣ በከብት መሄጃና በረግረግ አድርገው ተራራውን የሚዞሩበት ውድድር አለ፤ ለጀማሪም ምድብ አለው። አጣቢው በመካኒኩ ሞተር ይገባል። አንደኛ ይውጣ ያለው የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሯን በራሷ ጉልበት እየነዳ መድረሻው ላይ ከተገኘ የሠርጉ ቀን የዚያኑ ምሽት ይቆረጣል። ካልሆነ ደግሞ ሸሚዞቹን አግብቶ ይኑር። ፀጉር ሠሪዋ እኔ ዕቃ ነኝ ወይ ብላ ተነሣች፤ እናትየው ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። አጣቢው "እሺ ጋሼ" አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ የነዳው ነገር ቢኖር ልብስ የሚያደርስበትን ብስክሌት ነው።

መካኒኩ ከጋራዡ ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ አስተማረው። ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚለቀቅ፣ አሸዋ ላይ እንዴት ቆሞ እንደሚነዳ፣ ሲወድቅ ወዴት እንደሚወድቅ ሁሉ አሳየው። የሞተሯን ሆድ ዕቃ ግን አላሳየውም፤ እዚያ ውስጥ ምን አለህ ብሎ።

የውድድሩ ዋዜማ ሞተሯ አጣቢው ጋ አደረች። ጎማዋን በብሩሽ ፈተገ፣ መቀመጫዋን በኮምጣጤ ወለወለ፤ አልበቃውም። መቀመጫውን አንሥቶ ከሥሩ ቢያይ አንድ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ የሚዝለገለግ ስፖንጅ ተወትፏል። ሲነካው ጣቱ ላይ ተለጠፈ። የሰው ሞተር ሲጠግን ይውላል እንጂ የራሱን አያይም ሲል መካኒኩን አማው። ስፖንጇን በፍል ውኃና በሳሙና ዘፈዘፈ፣ ጨመቀ፣ ማለስለሻ ጨመረባት፣ አደረቃት። የሕፃን ጉንጭ መስላ፣ አበባ አበባ እየሸተተች ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በዚያች ሌሊት እንደ ንጹሕ ሰው ተኛ።

ጠዋት መነሻው ላይ ሲደርስ እንዲያ ያለ ጉድ ይኖራል ብሎ አላሰበም ነበር። የተዋሰው ሄልሜት ውስጡ በሰው ላብ ርሶ፣ ደርቆ፣ መልሶ ርሶ፣ የበግ ቆዳ የተረሳበት ክፍል ይሸታል፤ ግንባሩ ላይ ከሚያርፈው ስፖንጅ አንድ ረጅም ፀጉር ወጥቶ ቅንድቡን ይኮረኩረዋል። ጓንቱ ሳይታጠብ እርጥብ ነው። አጠገቡ የቆመው ተወዳዳሪ መነጽሩ ላይ እንትፍ ብሎ በካልሲው ወለወለና፣ እንዳይደበዝዝብህ ብሎ የሱንም ሊያጸዳለት እጁን ሰደደ። ለሁሉም አንድ መጸዳጃ ድንኳን ተተክሏል፤ ስለዚያ ድንኳን አለመናገር ይሻላል፤ አጣቢው ከደጃፉ ተመልሶ ቀኑን ሙሉ ለመቻል ወሰነ።

መንገዱ ሲጀመር ባሰ። ፊት ያሉት የሚያስነሡት አቧራ ጥርሱ መሐል ገብቶ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዝንብ ዋጠ፤ አንድ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ አይደለም። ከብት መሄጃው ላይ ትኩስ እበት ከፊተኛው ጎማ ተነሥቶ አገጩ ሥር ተለጠፈ። ረግረጉ ዘንድ ሲደርስ ሞተሯ ተንሸራተተችና በፊቱ ተደፋ፤ ጭቃው ሞቅ ያለ ነበር፣ ለምን እንደሞቀ ማሰብ አልፈለገም። ተነሥቶ ጥግ ይዞ አስመለሰ። የልጅቷን ስም እየጠራ፣ በመካከሉ ወንድሟን እየሰደበ፣ እንደገና ተቀመጠ። አንድ ነገር ግን ገረመው፤ ይህን ሁሉ ተሸክሞ እየሄደ ነው። አልሞተም።

ነዳጅ ማደያው ድንኳን ጋ የማዶው ሽማግሌ ቆመው በማንቆርቆሪያ ይቀዳሉ። እኚህ ሰው ከመካኒኩ ጋራዥ ትይዩ የሚሠሩ የድሮ መካኒክ ናቸው፤ ደንበኛ ስለሚሻሙ መካኒኩ አይወዳቸውም፣ ቢሆንም ለሽበታቸው ሲል ከ"እርስዎ" ወርዶ አያውቅም። ሽማግሌው ታንኩን ሞሉለት፣ የታንኩን አፍ ጠረጉለት፣ "በርታ ልጄ፣ ቀረብክ እኮ" አሉት።

ከዚያ በኋላ ሞተሯ ማቃሰት ጀመረች። ጉልበቷ አነሰ፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች፣ የመጨረሻው አቀበት ወገብ ላይ፣ መድረሻው እየታየ፣ ፀጥ አለች። አጣቢው ረገጠ፣ ለመነ፣ ረገጠ። ከዚያ ወርዶ መግፋት ያዘ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ ጭቃና እበት የደረቀበት ሐውልት መስሎ፣ ሞተሯን እየገፋ መስመሩን አለፈ።

መካኒኩ ዐይኑን ማመን አቃተው። ፀጉር ሠሪዋና እናትየውም ከጎኑ ቆመዋል። ጎንበስ ብሎ ካርቡራተሩን ፈታ፣ ጣቱን ሰድዶ አወጣው፤ ጣቱ ላይ ደቃቅ አሸዋ አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። ከመቀመጫው ሥር ያለውን የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ ትናንት በገዛ እጁ ዘይት እንዳጠጣው፣ አቧራውን የሚይዘው ያ ዘይት መሆኑን፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ብናኝ እንደማታልፍ፣ አሸዋው የገባው ከቤንዚን ጋር መሆኑን ለተሰበሰበው ሁሉ ተናገረ። ከዚያ አጣቢውን ከነጭቃው አቅፎ፣ ላብ ያራሰውን ብብቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ይህ ልጅ በተንኮል የተገደለች ሞተር ገፍቶ አመጣ፣ ለኔ ነድቶ እንደመጣ ነው፣ ቀኑ ዛሬ ይቆረጣል አለ።

አጣቢው ስለ ስፖንጇ በሰማ ጊዜ ያንን ዘይት በሳሙና አጥቦ ያወጣው እሱ ራሱ መሆኑ ገባው። ግን ያ እጅ ትከሻው ላይ ነበር፣ ልጅቷ ደግሞ ፈገግ ብላለች። ዝም አለ።

መካኒኩ ሕዝቡን ሰንጥቆ ማደያውን ዘግተው መድረሻው የመጡትን ሽማግሌ አንገትጌያቸውን ያዘ። "ቤንዚኑ ውስጥ ምን ጨመርክበት?" አላቸው፤ "አንተ" ብሎ። ሽማግሌው በልጆቻቸው ማሉ። እሱ ፊታቸው ላይ ተፋ።

ምራቁ ጉንጫቸው ላይ አርፎ ቀስ ብሎ ወደ ጢማቸው ወረደ። ሽማግሌው በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ አልጠራም። አጣቢው ከጠዋት ጀምሮ የሰው ላብ ለብሶ፣ ዝንብ ውጦ፣ እበት ስሞ ነበር፤ እንደዚህች ምራቅ ግን አንጀቱን ያወጣው አልነበረም። በዚያ ላይ የሱም ድርሻ እንዳለባት ያውቃል።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አለ። "ስፖንጇን አጥቤያታለሁ።"

"የቷን ስፖንጅ?"

"ከመቀመጫው ሥር ያለችውን።"

"በምን?"

"በሳሙና።"

መካኒኩ ተመለሰና መቀመጫውን አነሣ። ስፖንጇን አውጥቶ ጨመቃት፤ አቧራ ቦነነ። አፍንጫው ላይ አደረጋት። ከዚያ ሁሉ አቧራ ሥር አሁንም አበባ ትሸታለች። ከሕዝቡ አንዱ ካውያም አድርጓታል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሳቁ ፈነዳ። መካኒኩ አልሳቀም። ወደ ሽማግሌው ዞር ለማለትም አንገቱ እምቢ አለው።

ፀጉር ሠሪዋ ወደ አጣቢው ቀረበች።

"መቼ ገባህ?"

"ስፖንጇን ሲጠራት።"

"ታዲያ እስኪተፋባቸው ምን ትጠብቅ ነበር?"

ፊቷን አየ። ያንን ፊት ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ጠረጴዛው ላይ የማይለቅ እድፍ ሲዘረጋለት የሚያሳየው ፊት ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ጭቃውን ፈርታ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

"ወንድም ጋሼ፣ ቀን መቁረጡን ተወው" አለች ዞር ብላ። "ከእንግዲህ ቀኑን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው።" በእጇ ሽማግሌውን አሳየች። መካኒኩ እናቱን አየ። እናትየው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ ባጡበት ሜዳ ላይ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩትና "እሷ እንዳለችው ነው" አሉ።

የሞተችውን ሞተር የሚጭን ፒካፕ ያላቸውም ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። ልጅቷ ለመነቻቸው፤ ስለ እሷ ሲሉ እሺ አሉ። እናትና ልጅ ከፊት ተቀመጡ። መካኒኩና አጣቢው ከኋላ፣ ሞተሯን መሐል አድርገው፣ አቧራ እየጠጡ ሄዱ። የሁለቱም ገላ ይገማል። መካኒኩ ይቅርታውን ማን መጀመር እንዳለበት ጠየቀ። አጣቢው የተፋኸው አንተ ነህ አለው። መካኒኩም ያጠብከው አንተ ነህ አለ። ፒካፑ ጋራዡ ደጃፍ ቆመ።

ሽማግሌው ወርደው የኋላውን መዝጊያ ከፈቱ። መካኒኩ ቀድሞ ወርዶ ፊታቸው ቆመ። አጣቢው ከጎኑ ወርዶ ቆመ። "ይቅር ይበሉን" አለ። "ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎ" አለ መካኒኩም፣ ድምፁ እንደ ሞተሯ እየተቆራረጠ።

ሽማግሌው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ አፍንጫቸውን ያዙ።

"ሂዱና ታጠቡ" አሉ። "ነገ ስትመጡ እሰማችኋለሁ።"

ከፊት መስኮት ላይ ፀጉር ሠሪዋ አንገቷን አውጥታ ነበር። አጣቢው ቀና ብሎ ሲያያት መስታወቱን ዘጋችው፤ ግን እስከ መጨረሻው አልዘጋችውም።